የቆየ ፒክአፕ ላይ ፓወር ሲት ማስገባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የ1996 ሞዴል ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ። ሞተሩ ዛሬም አይታማም። ወንበሩ ግን ወገቤን ጨርሶት ነበር። ስፖንጁ ሟሽሿል፣ የማስተካከያው ጥርስ አልቋል፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር እኔንም ይዞ ወደፊት ይንሸራተታል። ከአራት ዓመት በፊት ከፕራዶ የወጣ፣ በሞተር የሚንቀሳቀስ ወንበር አስገባሁበት። ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያንኑ ይጠይቀኛል። ሰልችቶኝ ሳይሆን እንዳልረሳው ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት።

ጋራዥ ውስጥ «ፓወር ሲት» ነው የሚባለው። «የኤሌክትሪክ ወንበር» ካልኩ ሰው ስለ ሞት ቅጣት የማወራ ይመስለዋል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። መጀመሪያ አበላሽቼ ሁለተኛ ላይ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ለዚህ ሁሉ ጣጣ አዲስ መኪና መግዛት አይሻልም?

እስቲ ግዙልኝና እንነጋገር። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ዋጋ ሰቀለው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። እጅ ላይ ያለችውን አሮጌ መኪና ማሳመር የድሃ ብልሃት መሆኑ ቀርቶ ብልሃት ብቻ ሆኗል።

ሽቦው ከባድ ነው?

አይደለም። ሰው የሚፈራው ከወንበሩ ሥር የተንጠለጠለውን የሽቦ ክምር አይቶ ነው። የዚያ ክምር አብዛኛው ከማብሪያው ወደ ሞተሮቹ የሚሄድ ነው። ፋብሪካው አስሮ ጨርሶታል። ከእናንተ የሚጠበቀው ሁለት ወፍራም ገመድ ማምጣት ነው። አንድ ፖዘቲቭ፣ አንድ ኔጌቲቭ።

ሥራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሞተር ሁለት ጫፍ አለው። በአንዱ ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጌቲቭ ሲሰጠው ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል። ሲገለበጥበት ወደ ሌላው ይዞራል። የሚገለብጠው ወንበሩ ጎን ላይ ያለው ማብሪያ ነው። እጃችሁን ስታነሱ ሁለቱም ጫፍ ወደ ኔጌቲቭ ይመለሳሉ፣ ሞተሩም ወዲያው ቀጥ ይላል። «ባለ 6»፣ «ባለ 8» ሲባል የምትሰሙት የአቅጣጫውን ብዛት ነው። ለሁለት አቅጣጫ አንድ ሞተር ስለሚበቃ ባለ 6ቱ 3፣ ባለ 8ቱ 4 ሞተር ይኖረዋል።

ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። ፊውዙ ላይ፣ ኔጌቲቩ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብሎኑ ላይ። ወንበሩ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ ሥራው ያለቀ ይመስለናል።

የትኛውን ወንበር ልግዛ?

የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት «የጃፓን ኦሪጅናል ነው» የሚለውን ነው። እዚህ ጋ ቆም በሉ። የጃፓን መኪና መሪው በቀኝ ነው፣ የእኛ በግራ። ስለዚህ የጃፓኑ ሹፌር ወንበር ማብሪያው በቀኝ ጎኑ፣ የቀበቶው መቆለፊያ ደግሞ በግራ ጎኑ ነው። ያንን ወንበር በግራ በኩል ብትተክሉት ማብሪያው ወደ ማርሹ ዞሮ ይደበቃል። መቆለፊያው በር ጥግ ይቀራል። ቀበቶውም የሚመጣው ከዚያው ከበሩ በኩል ነው። ደረታችሁን አቋርጦ የሚያዝበት ቦታ የለም ማለት ነው። ማብሪያውን መልመድ ይቻላል፣ ቀበቶውን ግን አይቻልም።

«እንግዲያው የጃፓኑን የግራ ወንበር ልውሰድ» የሚል አለ። ቦታው ይስማማል። ነገር ግን እሱ የተሳፋሪ ወንበር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ወይ ሞተር የለውም፣ ወይ ከፍና ዝቅ ማድረጊያው ይጎድለዋል። የሚሻለው ከገልፍ አገሮች ከመጣ፣ መሪው በግራ ከነበረ መኪና የወጣ ወንበር መፈለግ ነው። የእኔም እንደዚያ ነው የተገኘው። ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

ቀጥሎ ሜሞሪ፣ የወንበሩን አቀማመጥ የሚያስታውሰው። ወንበሩ የወጣበት መኪና በሩ ላይ 1 እና 2 የሚሉ ቁልፎች ከነበሩት፣ ወንበሩ ሥር አንዲት ኮምፒዩተር አለች። አንዳንዷ ከመኪናዋ ተለይታም ትሠራለች። አንዳንዷ አሻፈረኝ ትላለች። ኮምፒዩተሯን ዘሎ ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱን ማብሪያ መስጠት ይቻላል። ያኔ ግን ዳሽቦርዱ ሥር አራት ማብሪያ ይደረደርና መኪና ሳይሆን አውሮፕላን የምታበሩ ትመስላላችሁ። ሜሞሪ የሌለውን ውሰዱ። ርካሽም ነው፣ አይበላሽምም።

ከዚያ ሜትር አውጡ። የፓወር ሲት እግር ሞተርና ማርሽ ስለሚይዝ ከተራው ወንበር ከፍ ይላል። የድሮ ሃይሉክስ ጣሪያ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ከወለሉ እስከ መቀመጫው ያለውን የራሳችሁን ወንበር ለኩ። አዲሱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጋችሁ ለኩ። ልዩነቱ አራት ጣት ካለፈ ረጅም ሰው በየጉድጓዱ ጣሪያውን በራሱ ይመታል። ስፋቱንም እዩ። ወንበሩ ሰፊ ከሆነ በሩ ሲዘጋ ማብሪያውን ይጫነዋል። በሩ ተጭኖት ወንበሩ በራሱ ጊዜ ወደፊት ሲሄድ ያየሁት አንድ መኪና አለ። ሹፌሩ ጠበል ሊረጭ ምንም አልቀረው።

ሳልገዛው በፊት እንዴት ልሞክረው?

ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። የሞተር ሳይክልም ይሆናል። ሁለት ገመድ፣ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ ባለ 20 ወይም ባለ 30 ፊውዝ ይኑረው። ከወንበሩ ሶኬት ከሁሉም የወፈሩትን ሁለት ገመዶች ፈልጉ። ቶዮታ ከሆነ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት ገመድ ኔጌቲቭ ነው። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ አትንኩት፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ኃይል ሲያገኝ እያንዳንዱን አቅጣጫ እስከ ጫፍ አስኪዱት። ቁጭ ብላችሁበት ድገሙት። ባዶውን የሚከንፍ ሞተር ሰው ሲጫነው የሚያለቅስበት ጊዜ አለ። ሲሄድ ጠመም የሚል ከሆነ አንዱ ሀዲድ ከሌላው ቀድሟል። ሁለቱን ሀዲዶች የሚያገናኘው ተጣጣፊ ኬብል ወልቆ ያለ ቦታው ተመልሷል ማለት ነው። ይስተካከላል። ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ወንበሩን መሃል ላይ አቁሙት። ጫፍ ላይ ከቀረ ቤት ስትደርሱ ሀዲዱ የብሎኑን ቀዳዳ ሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ያኔ ባትሪ ፍለጋ ነው።

ኃይሉን ከሲጋራ መለኮሻው ባመጣስ?

የመጀመሪያውን የሠራልኝ ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው። «ቅርብ ነው፣ ንጹሕ ሥራ ይሆናል» አለኝ። አመንኩት።

የመለኮሻው ፊውዝ 15 አምፔር ነው። ወንበር ባዶውን ሲንሸራተት ጥቂት አምፔር ይበቃዋል። ሰው ተቀምጦበት ወደ ላይ ሲነሳ በእጥፍ ይጨምራል። ጫፍ ደርሶ እየተጫነ ሲቆም ደግሞ 20 አምፔርን ሊያልፍ ይችላል። ፊውዙ በሁለተኛው ቀን ተበጠሰ። ተመልሼ ሄድኩ። ባለሙያው ከኪሱ ባለ 30 ፊውዝ አውጥቶ ሰካበትና «አሁን አይነካውም» አለ። እውነቱን ነው፣ ፊውዙን ምንም አልነካውም። ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ሸኖ አካባቢ ዳሽቦርዱ የተቃጠለ ጎማ መሽተት ጀመረ። ጥግ ይዤ ባትሪውን ነቀልኩ። ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው ቀጭን ሽቦ ልብሱ ቀልጦ ከራዲዮው ሽቦ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት።

ፊውዝ የሚጠብቀው ወንበሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ፊውዝ ከሰካችሁ ፊውዙ ሽቦው ሆነ ማለት ነው። በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ፊውዝ ደግሞ ጨርሶ ባይነሳ ይሻላል።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነሱ። ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ብዙ ሳትርቁ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ አስገቡ። የቀረበበት ምክንያት አለው። ገመዱ ከፊውዙ በፊት ቦዲውን ከነካ የሚያቋርጠው ምንም ነገር የለም። ከፊውዙ በኋላ ገመዱ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለውን ላሜራ ያልፋል። ቀዳዳው ላይ ጎማ መኖር አለበት። ላሜራ ስለት ነው፣ የመኪናው ንዝረት ደግሞ እጅ ነው፤ ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ከዚያ የበሩን መርገጫ ፕላስቲክ አንስታችሁ በሥሩ እስከ ወንበሩ አምጡት።

ከፊውዝ ይልቅ ራሱን የሚመልስ ባለ 30 ሰርኪት ብሬከር ካገኛችሁ እሱን እመርጣለሁ። ብዙ ፋብሪካዎችም ለወንበር የሚያስገቡት እሱን ነው። ልጅ ማብሪያውን ይዞ ሲጫወት ይቆርጣል፣ ሲበርድ ይመለሳል።

ምን ያህል የወፈረ ገመድ?

4 ሚሊ ሜትር ካሬ። ባለ 1.5 አትግዙ።

ቁጥሩን ለሚወዱ፦ ከባትሪው እስከ ወንበሩ 4 ሜትር ነው እንበል፣ የሚያልፈው ደግሞ 20 አምፔር። ባለ 4 ገመድ ላይ የሚጠፋው 0.35 ቮልት ገደማ ነው። ባለ 1.5 ላይ ወደ 0.93 ቮልት ይደርሳል። ያ የጠፋው ኃይል ሙቀት ይሆናል፣ ወደ 19 ዋት። ምንጣፍ ሥር የተኛ 19 ዋት ማሞቂያ ማን ይፈልጋል?

ሌላው ስህተት የቤት ገመድ ነው። የቤት መስመር ላይ የሚገባው አንድ ወጥ ሽቦ መዳቡ ጥሩ ነው፣ ግን መኪና ይንቀጠቀጣል። አንድ ወጥ ሽቦ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን የመኪና ገመድ ጠይቁ። መገጣጠሚያውንም ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ይቅር። ናስትሮ በፀሐይ ሙጫው ይቀልጣል፣ በዓመቱ ይፈታል። ተርሚናል ገዝታችሁ በመጭመቂያ ፒንሳ አጥብቁት።

ቁልፍ ሳላዞር ይሥራ ወይስ ከቁልፍ ጋር?

የእኔ ሁልጊዜ ይሠራል። ተራ ማብሪያ ያለው ወንበር ካልተነካ ምንም ባትሪ አይበላም። ባለቤቴ ከኔ በጣም ታጥራለች። ገብታ ከመቀመጧ በፊት ወንበሩን ታስተካክላለች። ለዚህ ቁልፍ ፍለጋ ቦርሳ መበርበር የለባትም።

ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ካሉ ወይም ወንበሩ ኮምፒዩተር ካለው ግን ከቁልፍ ጋር ይሁን። ያኔ ባለ 30 ወይም ባለ 40 አምፔር ሪሌ ያስፈልጋል፤ በቀጭን ሽቦ እየታዘዘ ትልቁን ኃይል የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ነው። ሪሌው እግር ላይ ቁጥር ተጽፏል። 30 ላይ ከባትሪ በፊውዝ የመጣው፣ 87 ላይ ወደ ወንበሩ የሚሄደው፣ 86 ላይ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ ቀጭን ሽቦ፣ 85 ላይ ኔጌቲቭ። የወንበሩን ኃይል በቀጥታ በቁልፉ በኩል ማሳለፍ የቁልፉን ውስጥ ያቃጥለዋል።

ኔጌቲቩን የትም ባስረው ምን ችግር አለው?

«ወንበሩ ፈጥኖ ነበር፣ አሁን ቀሰስ አለ» የሚሉኝ ሰዎች ላይ አብዛኛው ጊዜ ያገኘሁት ይህንን ነው። ኔጌቲቩ ቀለም ላይ ታስሯል፣ ወይም ዝገት ላይ። ገመዱ ከፖዘቲቩ እኩል ይወፍር። የሚታሰርበት ቦታ ላሜራው እስኪያበራ ድረስ ይፋቅ። አጥብቁትና ከላዩ ግሪስ ቀቡት፣ እርጥበት እንዳይገባ። የወንበሩ እግር ብሎን ላይ አትሰሩት። ያ ብሎን ሌላ ሥራ አለው።

ለመፈተሽ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ወንበሩ ጋ ያለው ኔጌቲቭ ላይ ያዙ። ወንበሩ እየተንቀሳቀሰ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ የታሰረበትን ቦታ ድገሙት።

ባትሪውና ዲናሞው ይችሉታል?

ይችሉታል። ወንበር የሚሠራው ለሰከንዶች ነው። ሞተሪኖ በአንድ ማስነሳት የሚወስደውን ኃይል ብታስቡት ወንበሩ ከቁጥር አይገባም። ባትሪያችሁ በወንበር ከሞተ ድሮም እያጣጣረ ነበር።

የወንበሩ እግር ከወለሉ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። ብየዳ ይሻላል?

አይሻልም። ወንበሩን ወለሉ ላይ በቀጥታ አታስበይዱ።

ከሁሉም ብዙ ሰዓት የፈጀብኝ ይህ ነው፣ ሰው ደግሞ በግማሽ ሰዓት የሚያልፈው ይህንኑ ነው። የሃይሉክስ ወለል ጠፍጣፋ አይደለም። በማርሹ በኩል ያለው የወንበር እግር ማረፊያ እና በበሩ በኩል ያለው ከፍታቸው ይለያያል። ከሌላ መኪና የመጣ ወንበር አራቱም እግሩ ይገጥማል ማለት ሎተሪ ነው። ሁለቱ ከገጠሙ ደግሞ ፈተናው ይጀምራል። «ሁለቱ ይዘዋል፣ ሌሎቹን ብሳ» ይባላል። ወለሉ ስስ ላሜራ ነው። በአዲስ ቀዳዳ ላይ የገባ ብሎን በግጭት ጊዜ ላሜራውን እንደ ካርቶን ቀዶ ይወጣል። ፋብሪካው የበሳቸው ቀዳዳዎች ከሥራቸው የተጠናከረ ብረትና የተበየደ ዳዶ አላቸው። ያሏችሁ ጠንካራ ቦታዎች እነዚያ አራቱ ናቸው።

ስለዚህ አስማሚ እግር ይሠራል። ከታች በፋብሪካው አራት ቀዳዳ ይታሰራል፣ ከላይ አዲሱን ወንበር ይይዛል። በ6 ሚሊ ሜትር ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት አሠሩት። ቱቦላሬ ርካሽና ቀላል ነው፣ ነገር ግን ስሱ ቱቦላሬ ብሎን ሲጠብቅበት ይጨማደዳል፣ ሲጨማደድ ብሎኑ ይላላል። ብሎኖቹ ራሳቸው ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ይኑራቸው። ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ለመደርደሪያ ነው።

አስቡት። ሹፌር 80 ኪሎ ነው። ወንበሩ ራሱ ከነሞተሩ ከባድ ነው። መኪናው ሲጋጭ ይህ ሁሉ ወደፊት ይወረወራል። ዘመናዊ ወንበር ላይ ደግሞ የቀበቶው መቆለፊያ የሚታሰረው ወንበሩ ላይ ስለሆነ የሰውየውም ክብደት በዚያው በብሎኑ ያልፋል። ለዚህ ነው ብየዳውን ለማንኛውም በር ሠሪ የማልሰጠው። የቦዲ ሥራ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። የእኔን የሠራው ሰውዬ ሁለት ቀን ወስዶበታል። መጨረሻ ላይ በክሪክ ከሥር ገፍቶ ሞከረው። መኪናው ተነሳ፣ ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

መቆለፊያውንም ፈትሹ። የድሮው ቀበቶ ምላስ አዲሱ መቆለፊያ ውስጥ «ቀጭ» ብሎ ሊገባና ሲጎተት ሊወጣ ይችላል። የራሳችሁን የድሮ መቆለፊያ ወደ አዲሱ ወንበር ማዛወር ይሻላል።

ከወንበሩ ሥር ያለው ቢጫ ሶኬት ምንድን ነው?

የኤርባግ ነው። ወንበሩ ጎን ላይ የጎን ኤርባግ አለ ማለት ነው። እሱን የሚያዝ ኮምፒዩተር የድሮ ፒክአፕ ላይ ስለሌለ አይሠራላችሁም፣ ነገር ግን ፈንጂው እንዳለ ነው። በቴስተር አትለኩት። ቴስተር የሚልካት ትንሽ ኃይል ልታፈነዳው ትችላለች። ከምንም ነገር ጋር አታገናኙት። ሶኬቱን እንዳለ ጠቅልላችሁ እሰሩት። ኤርባጉ ያለበት መኪና ላይ ወንበር የምትፈቱ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅላችሁ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ። ቶዮታም የሚለው ይህንኑ ነው። ሻይ ጠጥታችሁ ብትመለሱ ደግሞ ማንም አይቆጣችሁም።

ማሞቂያውስ?

አዲስ አበባ ላይ? ይቅርባችሁ። ያለ መቆጣጠሪያ በቀጥታ ኃይል ከሰጣችሁት ስፖንጁን ያቃጥላል።

መኪናዬን ላቫጆ ውስጡን በውኃ ያጥቡታል። ችግር አለው?

አለው። ፒክአፕ ስለሆነ፣ ወለሉም ፕላስቲክ ስለሆነ ጎማውን ይዘው ውስጡን ይለቁበታል። ድሮ ችግር አልነበረውም። አሁን ወንበሩ ሥር ሶኬትና ሞተር አለ። ውኃው ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል፣ ከወራት በኋላ ወንበሩ አንዴ ይሠራል አንዴ ይቆማል። ሶኬቱን ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ ከወንበሩ ስፖንጅ ብረት ጋር እሰሩት። ለላቫጆ ልጆቹም «ውስጡን በጨርቅ» በሏቸው። ጉርሻ ከሰጣችሁ ይሰሟችኋል።

በዚሁ ላይ፣ ገመዱ ለወንበሩ ጉዞ የሚበቃ ትርፍ ይኑረው። ሥራው ሲያልቅ ወንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከላይ እስከ ታች አስኪዱና ሥሩን በባትሪ መብራት እዩ። ሀዲዱ ገመዱን መካከሉ ካስገባው እንደ መቀስ ነው።

ወንበሩ መንገድ ላይ ደርቆ ቢቀርስ?

መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ተዉት። ብዙ ሞተሮች ውስጥ ሙቀት ሲበዛ የሚቆርጥ መከላከያ አለ። ጫፍ ላይ ማብሪያውን አጥብቃችሁ ከያዛችሁት ይቆርጣል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ሞቷል ብሎ ቸኩሎ የፈታው ጓደኛ አለኝ።

ካልተመለሰ ፊውዙን እዩ። ደህና ከሆነ ማብሪያውን ስትጫኑ የጋቢናው መብራት ደብዘዝ የሚል መሆኑን ተመልከቱ። ከደበዘዘ ኃይሉ ደርሶ ሞተሩ ወይም ማርሹ ተጣብቋል። ምንም ካልተለወጠ ኃይሉ አልደረሰም፣ ኔጌቲቩን ወይም ሶኬቱን ፈልጉ። አንድ አቅጣጫ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ማብሪያው ነው። የማብሪያው ውስጥ ይጠቁራል፣ ፈትቶ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ብዙ ጊዜ ያድነዋል።

አሜሪካ ነው ያለሁት፤ የ90ዎቹ ሼቭሮሌ ፒክአፕ ነው። ያው ነው?

የኤሌክትሪኩ ነገር ያው ነው፣ እንዲያውም ይቀላል። በጄነራል ሞተርስ መኪኖች ብርቱካናማ ገመድ ሁልጊዜ ኃይል ያለው፣ ጥቁር ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። ከ1988 እስከ 1998 የወጡት ፒክአፖች ላይ ብዙ ሰው የሚያስገባው ከ1999 እስከ 2006 የወጣውን የሲልቨራዶ ወንበር ነው፣ የመኪና መፍቻ ግቢዎች ውስጥ ሞልቷል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የዚያ ሲልቨራዶ የፊት ወንበር ቀበቶው የሚወጣው ከምሰሶው ሳይሆን ከራሱ ከወንበሩ ነው። ያ ወንበር የታሰበው ጭነቱን ሁሉ እንዲችል ተደርጎ ለተጠናከረ ወለል ነው። የእናንተ ወለል ለዚያ አልተሠራም። ወይ ወለሉን በሚያውቅ ሰው አስጠናክሩ፣ ወይ የራሳችሁን የምሰሶ ቀበቶ መጠቀማችሁን ቀጥሉ።

አይሱዙ የጭነት መኪና ላይስ?

ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪውን ቁጠሩ። ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች ሁለት ባትሪ ተከታትሎ የታሰረባቸው 24 ቮልት ናቸው። የወንበሩ ሞተር 12 ነው። በቀጥታ ብትሰጡት ለአንድ ቀን በጣም ፈጣን ወንበር ይኖራችኋል። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ ያስፈልጋል፣ 30 አምፔር የሚችለው ደግሞ ርካሽ አይደለም። ከአንዱ ባትሪ ብቻ መስረቅም አይሆንም። አንዱ ባትሪ ሳይሞላ፣ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ያልቃሉ።

የድሮውን ወንበር ምን ላድርገው?

ቢያንስ ዓመት ያህል አትጣሉት። መኪናውን የሚገዛ ሰው ኦሪጅናሉን ሊጠይቅ ይችላል፣ መቆለፊያውና ሀዲዱም መለዋወጫ ነው። የእኔ በረንዳ ላይ ተቀምጧል፣ ሁለት ጡብ ከሥሩ አድርጌለታለሁ። ቡና ሲፈላ አጎቴ ቀድመው የሚይዙት እሱን ነው። «ይኼ እኮ ምንም አልሆነም፣ በከንቱ ነው ያወጣኸው» ይሉኛል በየጊዜው። ፍሬን ስለማይይዙበት ነው።